ሳንባ በሐበሻ ሰዓት

አጎቴ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት በረንዳ ላይ ወንበር አውጥተው ይተነፍሳሉ። ሌላ ጊዜ አይተነፍሱም ማለቴ አይደለም። በዚህ ሰዓት ግን ሥራዬ ብለው ነው የሚተነፍሱት፤ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ በጣታቸው እየቆጠሩ። ጎረቤታቸው ደግሞ በርበሬ የምታምሰው በዚያው ሰዓት ነው። አጥር ተሻግሮ የሚመጣው ጭስ ሲያስነጥሳቸው፣ ሲያስላቸው፣ እንባቸው ዱብ ዱብ ሲል እንኳ አንድም ቀን ከቦታቸው ተነቃንቀው አያውቁም። «ሳንባ እየጸዳ ነው» ይላሉ፣ መሐረባቸውን እያጠፉ።

ከ5 እስከ 7 የትልቁ አንጀት ተራ ነው። አክስቴ ምሳ ስታቀርብ እሳቸው ጋዜጣቸውን ይዘው ወደ መጸዳጃ ቤት ይገባሉ። ምሳ የሚበሉት 7 ሰዓት ካለፈ፣ የጨጓራ ሰዓት ከገባ በኋላ ነው። ቁርስ ተሽሯል፤ «ለጾሙም ለጤናውም ይሆናል» ብለዋል። ከ9 እስከ 11 ጣፊያ ነው። ጣፊያ በሐሳብ ስለሚጎዳ በእነዚህ ሁለት ሰዓታት የሚያሳስብ ነገር ቤት አይገባም፤ የመብራት ሒሳብ የመጣ እንደሆነ አክስቴ ቡፌ ውስጥ ትደብቀዋለች። ከ11 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ልብ ነው። ልብ ንጉሥ ስለሆነ አይረበሽም፤ ቴሌቪዥን ይጠፋል።

ይኼ ሁሉ የተጻፈበት ሠንጠረዥ ሳሎን ውስጥ፣ ከጡረታ ምስክር ወረቀታቸው ጎን በመስተዋት ተሰቅሏል። አጎቴ ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት ሹምነት ያሳለፉ ሰው ናቸው። ሰው ይዋሻል ብለው ያምናሉ፤ ሠንጠረዥ ይዋሻል ብለው ግን አያምኑም።

ሠንጠረዡ የመጣው አንድ ፎቅ ላይ ካለ ቤት ነው። የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው «ነጻ ምርመራ አለ» ብሎ ጠራቸው፤ እሳቸው ደግሞ «አብረኸኝ ና፣ ደረጃው ብዙ ነው» ብለው ጠሩኝ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ትሑት ወጣት ተቀበለን። አጎቴን አስቀምጦ አንድ የብረት ዘንግ አስጨበጣቸው፤ ዕድሜ፣ ክብደት፣ ቁመት ጠየቀ። ኮምፒውተሩ ጥቂት አሰበና የሰው ምስል አወጣ፤ ከእግር ጣት እስከ ራስ ቅል ባለቀለም መስመሮች የተሰመሩበት፣ የባቡር ካርታ የሚመስል።

«አባባ፣ እንጨትዎ መሬትዎን እየበደለ ነው» አላቸው።

አጎቴ ቀና አሉ። «የወሰን ክርክር አለ ማለት ነው?»

«እንደሱ በሉት። ጉበት እንጨት ነው፣ ጣፊያ መሬት ነው። ጉበትዎ ገፍቶ ገብቷል።»

«ካርታው በማን ስም ነው?»

ወጣቱ ይኼን አልሰለጠነበትም መሰለኝ ዝም ብሎ ቀጠለ። «ውሃዎም ስለቀነሰ እሳትዎ ከፍ ብሏል።» ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖሩት አጎቴ ይኼን ሲሰሙ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አመኑት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ልታዘብ እንጂ ልመረመር አልመጣሁም፤ ግን ነጻ ነገር ሲሰጥ እጅ መከልከል ነውር ነው። ዘንጉን ጨበጥኩ። ማሽኑ አሰበ። «ጋሼ፣ የእርስዎ ደግሞ ሐሞትዎ ደክሟል።»

ለሐበሻ ወንድ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልጁ ያወቀ አይመስለኝም። ሐሞተ ቢስ ነህ ብሎ በአጎቴ ፊት፣ በኮምፒውተር አስደግፎ ነገረኝ። ተናድጄ ቤቴ ገብቼ ነገሩን ማገላበጥ የጀመርኩት ከዚያች ስድብ የተነሣ ነው።

ሳገላብጥ ያገኘሁት የመጀመሪያ ነገር አሳፈረኝ። ለካ ቻይናዎችም ድፍረትን ያስቀመጡት ሐሞት ውስጥ ነው። ደፋርን «ባለ ትልቅ ሐሞት» ይሉታል። እኛ «ሐሞቱ ፈሰሰ» የምንለውን ሰው እነሱም ሐሞቱ ትንሽ ነው ይሉታል። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይጠያየቁ አንድ ቦታ ላይ ተገናኝተዋል። የቀረውንማ እኛው ብቻችንን ሞልተነዋል። ስንራራ አንጀታችን ይንሰፈሰፋል፣ ስንበሳጭ ቆሽታችን ያርራል፣ ስናኮርፍ ሆዳችን ይሻክራል፣ ስንደሰት አንጀታችን ቅቤ ይጠጣል፤ ፈጣሪም ልብና ኩላሊት ይመረምራል። ይኼን ሁሉ ከአፋችን እያወጣን ሰው «ቁጣ የጉበት ነው» ብሎ የሚያስደንቀን በምን ሒሳብ ነው? እኛ የአካል ክፍሎቻችንን ሥራ ከደለደልን ቆይተናል፤ የጎደለን መስተዋት ያለው ሠንጠረዥ ብቻ ነው።

አምስቱ ነገሮችም እንግዳ አይደሉም። ቻይናዎቹ እንጨት፣ እሳት፣ መሬት፣ ብረት፣ ውሃ ይላሉ። እንጨት ነድዶ እሳትን ይወልዳል፣ እሳት ዐመድ ሆኖ መሬትን፣ መሬት ከሆዱ ብረትን፣ ብረት በላዩ ላይ ጤዛ አሳድሮ ውሃን፣ ውሃ እንጨትን። ይህ የእናትና የልጅ ሐረግ ነው። የአለቃና የምንዝር ሐረግም አለ፤ እንጨት ሥሩን ሰድዶ መሬትን ይሰነጥቃል፣ መሬት ውሃን ይገድባል፣ ውሃ እሳትን ያጠፋል፣ እሳት ብረትን ያቀልጣል፣ ብረት እንጨትን ይቆርጣል። በየአንዳንዳቸው ሥር አንድ የአካል ክፍል፣ አንድ ስሜት፣ አንድ ቀለም፣ አንድ ወቅትና አንድ ጣዕም ተመዝግቧል። ጉበት ቁጣና ኮምጣጣ፣ ልብ ደስታና መራራ፣ ጣፊያ ሐሳብና ጣፋጭ፣ ሳንባ ሐዘንና የሚያቃጥል፣ ኩላሊት ፍርሃትና ጨው። የሚያቃጥለው የሳንባ ጣዕም ነው የሚለውን ሳነብ የጎረቤቷ በርበሬ ትዝ አለኝ። ለካ ሴትዮዋ ሳታውቀው ረዳት ሐኪም ሆናለች!

የእኛ ሊቃውንት ደግሞ ሰው ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት ተፈጠረ ብለው በአራት ባሕርያት ጨርሰውታል። ቻይናዎቹ ነፋስን አውጥተው እንጨትና ብረት አስገብተዋል። ዐውደ ነገሥት ገላጩም በዚያው መንገድ የሚሄድ ነው፤ የሰውየውን ስም ከእናቱ ስም ጋር በፊደል ቁጥር ደምሮ፣ ለ12 ገድፎ፣ ቀሪውን ኮከብ ይለዋል፤ ኮከቡም ወይ እሳት ነው ወይ ውሃ፣ ወይ ነፋስ ወይ መሬት። እኔ ሳገባ እናቴ በስውር አስቆጥራ «እሱ እሳት፣ እሷ ውሃ፤ አይሆንም» ተብላ መጥታ ነበር። አልሰማኋትም። ከተጋባን 20 ዓመት ሊሞላን ነው፤ እንፋሎቱ ግን እስካሁን አልቆመም። ስለዚህ በማንም ላይ የመሳቅ ሙሉ መብት የለኝም።

ቀጥሎ መስመሮቹን መረመርኩ። ልጁ «የኃይል ሜሪዲያን» ሲል ቃሉ ከሺህ ዓመታት በፊት ከአንድ የቻይና ተራራ የወረደ ይመስል ነበር። ቃሉን ያለበሰው ግን ዦርዥ ሱሊዬ ደ ሞራን የሚባል ፈረንሳዊ ዲፕሎማት ነው። ባለፈው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በጻፋቸው ሥራዎች ቻይናዎቹ «ቺ» የሚሉትን እስትንፋስ መሳይ ነገር «ኃይል» ብሎ ተረጎመው፤ «ጂንግ» የሚሉትን መስመር ደግሞ ካርታ ላይ ባለው የኬንትሮስ መስመር ሰየመው። «ጂንግ» በራሱ ቋንቋ የሸማኔ ቃል ነው፤ ድር ማለት ነው። ቃሉ ከፓሪስ ይልቅ ለሽሮ ሜዳ ይቀርባል። ድርና ማግ ብሎ ቢነግረን ኖሮ አያቶቻችን ሁሉ በገባቸው ነበር፤ ግን ድር ተብሎ ማን ገንዘብ ይከፍላል? ሜሪዲያን ሲባል ነው ኪስ የሚከፈተው።

የመስመሮቹ ቁጥርም ረግቶ የኖረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ቻንግሻ ከተማ አጠገብ ማዋንግዱይ ከተባለ ስፍራ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ከተዘጋ መቃብር፣ ሐር ላይ የተጻፈ የሕክምና ጽሑፍ ወጣ። መስመሮቹ 11 ናቸው፤ በእነሱ ላይ ስለሚወጋው የቻይና መርፌ ግን አንዲት ቃል የለም። «የቢጫው ንጉሠ ነገሥት» የሚባለው ትልቁ መጽሐፍ ሲመጣ 12 ሆነው ተገኙ፤ ወሩም 12 ነዋ። የመርፌ ነጥቦቹ በዓመቱ ቀን ልክ 365 ናቸው ተባለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ቦታ ቦታቸውን ለይቶ ሲያወጣ 361 ሆኑ። 12 ወር በሠላሳ ሠላሳ ቀን ቆጥሬ ስደርስበት ለጳጉሜ የተረፈላት አንድ ቀን ብቻ ነው። በቢላዋ ከፍተው ያዩ የአካል ሊቃውንት ደግሞ ከመስመሮቹ አንዱንም አላገኙም። ይኼን ለአጎቴ ነገርኳቸው።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «የመሥሪያ ቤት አሠራር ሕንጻውን አፍርሰህ ብታየው ይገኛል?»

አፌን ያዘኝ። አባባላቸው ከልብ ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ ሁሉ ትምህርት እሳቸውን የማረካቸው መንግሥቱ ነው። የቢጫው ንጉሠ ነገሥት መጽሐፍ የሰውን አካል እንደ ቤተ መንግሥት ደልድሎታል። ልብ ንጉሥ ነው። ሳንባ ጠቅላይ ሚኒስትር ነው። ጉበት የጦር አዝማች ነው፤ ዕቅድ ያወጣል። ሐሞት ውሳኔ የሚሰጥ ዳኛ ነው። ጣፊያና ጨጓራ የጎተራ ሹሞች ናቸው፤ ትልቁ አንጀት የማጓጓዣ ኃላፊ ነው። አጎቴ ይኼን ድልድል በእርሳስ፣ በቀስትና በሳጥን አድርገው ነድፈውታል፤ ኩላሊት ተጠሪነቱ ለማን እንደሆነ ስላልተገለጸ የጥያቄ ምልክት አድርገውበታል።

ከሹመቶቹ ሁሉ የወደዱት «ሳን ጂያኦ» የሚባለውን ነው። ሦስት ማሞቂያ ማለት ነው፤ እኛ ቤት ሦስት ጉልቻ ብንለው ያስኬዳል። ሥራው የውሃ ቦዮችን ማስተዳደር ነው። የጥንት ሐኪሞቹ ራሳቸው «ስም አለው፣ ቅርጽ የለውም» ብለው ጽፈውለታል። ጉበት ይዳሰሳል፣ ሳንባ ይታያል፤ ሦስት ጉልቻ ግን የትም የለም። ሆኖም መስመር ተሰምሮለታል፣ ነጥቦች ተመድበውለታል፣ በቀን ሁለት ሰዓት ተፈቅዶለታል። «እንደዚህ ያለ መምሪያ እኛም ጋ ነበር» አሉ አጎቴ በናፍቆት። «በጀት ነበረው፣ ማኅተም ነበረው፤ ሰው ግን አልነበረበትም።»

ታዲያ አንድ ሌሊት ሠንጠረዡን በስልኬ ያነሣሁትን ፎቶ ሳይ ደነገጥኩ። በቻይናዎቹ ሰዓት የሳንባ ተራ ከ3 እስከ 5 የሚባለው በፈረንጅ አቆጣጠር ሌሊት ነው። በእኛ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ማለት ነው! ተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦ ቀንና ሌሊት ሳይል ትቶታል። አጎቴ ደግሞ የእጅ ሰዓታቸው ከልጅነት እስከ ጡረታ በሐበሻ የተሞላ ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ሥርዓት በ6 ሰዓት ተዛንፏል። ለሳንባ ብለው በርበሬ ሲስቡ ተረኛው ጣፊያ ነበር። መጸዳጃ ቤት የሚገቡት በንጉሡ በልብ ሰዓት ነው። የጨጓራ ነው ብለው ምሳ የሚበሉትም በትንሹ አንጀት ሰዓት ነው።

በማግስቱ ሄድኩ። ልነግራቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ፤ «ልጄ፣ ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ወገቤ ለቀቀኝ፣ እንቅልፌ ተመለሰ፣ ሆዴም እንደ ሰዓት ሆነ» አሉኝ። እንደ የትኛው ሰዓት እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። ጠየቅኩና ነገርኳቸው።

ረጅም ጊዜ ሠንጠረዡን ሲያዩ ቆዩ። «ቻይና ሰፊ አገር አይደለችም?» አሉ።

«ሰፊ ናት።»

«ታዲያ ከዳር እስከ ዳር ፀሐይ እኩል ትወጣለች?»

እዚህ ላይ ያዙኝ። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ1949 ወዲህ ከዳር እስከ ዳር በአንድ የቤጂንግ ሰዓት ነው የምትሄደው። ምዕራብ ጫፍ ሺንጂያንግ ውስጥ ፀሐይ ሁለት ሰዓት ያህል ስለምትዘገይ ሰዉ ለራሱ ሌላ ሰዓት ይቆጥራል። የኡሩምቺ ሰው ሳንባ በቤጂንግ ነው የሚነሣው ወይስ በሰፈሩ? «አየህ» አሉ አጎቴ፣ «ሰዓት ማለት ፀሐይ ስትወጣ አንድ ብሎ መጀመር ነው። እኔ አልተሳሳትኩም፤ እነሱ ናቸው በእኩለ ሌሊት የሚጀምሩት።»

ሊያስቁኝ ፈልገው አልነበረም፤ እኔም ስቄ ልረታቸው አልቻልኩም። ምክንያቱም ጀርመን አገር በብዙ ገንዘብና በብዙ ሰው የተደረገ ጥናት ከአጎቴ በረንዳ ጋር ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመው ውጤት 1,162 የከረመ የወገብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። ለአንዱ ወገን መርፌው በትክክለኛው ነጥብ ተወጋ። ለሁለተኛው ሆን ተብሎ ነጥብ ባልሆነ ቦታ፣ ያውም ላይ ላዩን ተወጋ። ሦስተኛው የተለመደውን ሕክምና አገኘ። ከስድስት ወር በኋላ በትክክል ከተወጉት 47.6 በመቶ፣ በስሕተት ከተወጉት 44.2 በመቶ ተሻላቸው። የተለመደውን ሕክምና ካገኙት የተሻላቸው ግን 27.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይሉ የለ? እዚህ ጉልቻው የትም ይጎለት የት ወጡ ጣፍጧል። ያጣፈጠው ምን እንደሆነ ለመገመት አክስቴን ማየት ይበቃል፦ የመብራት ሒሳብ ይደበቅላቸዋል፣ ልብ ንጉሥ ነው ተብሎ ዝም ይባልላቸዋል፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንም አይጨቀጭቃቸውም። ሰላምታ እንኳ በስልክ በሚያልቅበት ከተማ እንደዚህ የሚታይ ወገብ ለምን አይለቅም?

ወጣቱም ይህን ሳያውቀው አይቀርም። ያን ቀን አጎቴ የሁለት ወር ጡረታቸውን ከፍለው አምስት ቀለም ያላቸውን አምስት ጠርሙሶች ሲረከቡ፣ ልጁ ራሱን ይዞ ከጋዋኑ ኪስ ፓራሲታሞል አውጥቶ ሲውጥ አይቼዋለሁ። አልፈረድኩበትም፤ የሚበልጡትም አድርገውታል። ሊቀ መንበር ማኦ የባህሉ ሕክምና ለሕዝቡ እንዲስፋፋ አዝዘው፣ እሳቸው ግን እንደማያምኑበትና እንደማይወስዱት ለግል ሐኪማቸው መናገራቸውን ሐኪሙ ሊ ዢሱይ በኋላ ጽፎታል። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1822 ንጉሠ ነገሥት ዳኦጉዋንግ መርፌን ከቤተ መንግሥቱ የሕክምና ተቋም አስወጥተውታል። ንጉሥ መወጋት ተገቢ አይደለማ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ እኔም በትዝብት ብቻ አልፈው ነበር። ግን አንድ ቀን መነጽራቸውን ከመሳቢያ አምጣልኝ ሲሉኝ የግፊት ክኒናቸውን አየሁት። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድም አልተነካም፤ ሦስት ሳምንቱን ሙሉ።

«ጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ሠንጠረዡ ላይ የለም» አሉ፣ ዐይኔን ሳያዩ። ቀጥለውም፣ «ቻይናዎች ወባን ያዳኑት በዚሁ በባህላቸው አይደለም እንዴ? ኮአርተም የማን ነው?» አሉ።

ይኼ እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ቱ ዮውዮው የተባሉት ሴት ተመራማሪ መነሻውን ያገኙት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ከተጻፈ የመድኃኒት መጽሐፍ ነው፤ ቅጠሉም የአሪቲ ዘመድ ነው። ሆኖም መጽሐፉን ስመው ግድግዳ ላይ አልሰቀሉትም። ሲቀቀል ኃይሉ እንደሚጠፋ ጠርጥረው በቀዝቃዛ ዘዴ አወጡት፣ በአይጥና በዝንጀሮ ላይ ሞከሩት፣ ከዚያም መጀመሪያ ራሳቸው ጠጡት። እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ያሰጣቸው ይኸው ሥራ ነው። ወባዋ የሞተችው እንጨት መሬትን ስለበደለ ሳይሆን መድኃኒቱ ስለገደላት ነው። ይኼን ሁሉ አስረዳሁ። አጎቴ በትሕትና ሰሙኝ፤ መዝገብ የሌለው አቤቱታ እንደሚሰማ ሹም።

ስለዚህ በሚገባቸው ቋንቋ ሞከርኩ። ወረቀት አመጣሁ። ከላይ ቀን ጻፍኩ፣ ቁጥር ሰጠሁ፣ «ጉዳዩ፦ ዝውውርን ይመለከታል» አልኩ። ሦስት ጉልቻ የተባለው መምሪያ ስም እንጂ አካል የሌለው በመሆኑና የሌሊቱ ምድብ ሥራ የሌለበት ሆኖ በመገኘቱ፣ ከዛሬ ጀምሮ ወደ ጠዋቱ 1 ሰዓት ተዛውሮ ከጉበት ጎን በመሆን የግፊት ክኒን የማስዋጥ ኃላፊነት ተሰጥቶታል፤ ግልባጭ ለአክስቴ። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። አንድ ፊደል አረሙ። ከዚያ ብዕር አውጥተው፣ ለዓመታት እጃቸው ያልረሳውን ረጅም ፊርማ አሳረፉበትና ሠንጠረዡ ጎን እንድሰቅለው አዘዙኝ።

እነሆ አሁን በየጠዋቱ 1 ሰዓት ካለፈ ስልኬ ይጮኻል። አጎቴ ደህና አደርክም አይሉ፤ ውሃ ሲጎነጩ ይሰማኛል፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

«ሹሙ ገብቷል» ብለው ይዘጉታል።